የሰው ስለት የሰፋሁባቸው ዓመታት

ባለፈው ሳምንት ከዘይነባ ዘንድ አንድ ፌስታል ደረሰኝ። ያመጣው ሹፌር ደጃፌ ላይ ቆሞ «ከኮምቦልቻ ነው እማማ» አለኝና እጆቹን እያሻሸ ሄደ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ አያቆምም። ፈትቼ ሳየው የሱዳን ቶብ ነው፤ እዚያ ሴቶቹ ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚጠቀለሉበት ስስ ጨርቅ፣ መደቡ የሎሚ ቀለም፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ የወረደበት። ከውስጡ ቁራጭ ወረቀት ወደቀ። «ኸድጃ ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ወንድ ነው። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው» ይላል። ደስ ይበልሽ! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የሰንደሉ ሽታ ካርቱምን ከነሙቀቷ ከነአቧራዋ ይዞብኝ መጣ፤ ከእሷም ጋር የድሮው ቅናቴ መጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላረጀ። ሰው ስድሳን ሲያልፍ ቅናት ይለቀዋል የሚሉ አሉ። ያንን ያለውን ሰው ባገኘው ሁለት ቃል እነግረው ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ዘመኑን የማስታውሰው በገንዘቡ ነው፤ ስሙ ዲናር ተብሏል፣ ሰዉ ግን በድሮው ፓውንድ መቁጠሩን አልተወም። መቶ የሚል ወረቀት ይዘሽ ገበያ ስትወጪ ሻጩ ሺህ ይልሻል። አዲስ የመጡ ሴቶች እዚያው መሀል ገበያው ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኛ የምንኖረው ቡሪ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ሰባት ክፍል በአንድ ግቢ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ። መታጠፊያው ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ነበረች፣ ዝንጅብሉን የምታበዛ፤ ከእሷ አጠገብ የካሴት ሱቅ። ባለሱቁ አንድ ዘፈን ከወደደ በጋው እስኪያልቅ ሌላ አያሰማንም። ስለ ዓባይና ስለ አንዲት ጠይም ልጅ የሚል ነበር፤ ግማሹ ባይገባኝም እስከ ዛሬ ሽንኩርት ስልጥ ከአፌ ይወጣል። አውቶብሱን ሃፍላ ይሉታል። ሒሳብ ሰብሳቢው አይናገርም፣ ጣቱን ጆሮሽ ሥር ያጮኸዋል፤ ያኔ ታወጫለሽ። ቶብ መልበስ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ሱዳናዊቷ ለብሳው ውኃ ትቀዳለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ ትሮጣለች፤ ከእኛ ትከሻ ግን በየአሥር እርምጃው ይንሸራተታል። ፖሊስ ሩቅ ሆኖ ሐበሻነታችንን የሚለየው በዚያ ነበር።

ባለቤቴ ተስፉ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ውስጥ አንድ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ጧት ድልድዩ ሳይጨናነቅ ይወጣል፣ ማታ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት ይዞ ይመለሳል። እኔ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበረኝ። መጀመሪያ የተማሪ ልብስና የቤት መጋረጃ ነበር የምሰፋው። አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያናችን የመቅደስ መጋረጃ ሰፍቼ ሰው ወደደው፤ ከዚያ በኋላ ስለቱ የሰመረለት ሐበሻ ሁሉ ከፋይ ጨርቅ ተሸክሞ ወደ እኔ መጣ። ልጅ የወለደች ጃንጥላ፣ ወረቀቱ የወጣለት መጋረጃ፣ ከበሽታ የዳነ የካህናት ካባ። ስለት የሚያገባ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይለካም፤ ያወራል። «ተሳልኩ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ማርያም ሰማችኝ!» ይላል። እኔ በአፌ መርፌ ይዤ «እም፣ እም» እላለሁ። መርፌው ባይኖር ምን እንደምል እኔው አውቃለሁ።

ምክንያቱም እኔም ተስዬ ነበር። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ልጅ አልነበረንም። ሐኪሙ አንዳችን ላይም ጉድለት አላገኘም፤ ጉድለት ቢያገኝ እንኳ የምከሰው ነገር ይኖረኝ ነበር። መጀመሪያ የተሳልኩት አንድ ጃንጥላ ነው። በዓመቱ ጃንጥላና መጋረጃ አልኩ። በሦስተኛው ምንጣፍ ጨመርኩበት። ጨረታ የገባሁ ይመስል በየዓመቱ ከፍ አደርጋለሁ፣ አሸናፊው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፣ ፍልሰታን በውኃ እገፋለሁ፣ ወር በገባ በሃያ አንድ ቅዳሴ አይቀርብኝም። የግቢው ሴቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ያጽናኑኛል። የእኔ እንቁላል ገና አልተጣለም፣ እግሩን ከየት ያመጣል? ብዬ መለስኩላቸውና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቅናቴ እንደሌላው ሴት ቅናት አልነበረም፤ የሌላው ሴት ቅናት የሚመጣው ዘመድ ሲሰበሰብ ነው። የእኔ ግን ሥራዬ ነበር። በክንድ የምለካው፣ በመቀስ የምቆርጠው፣ ተኩሼ አጥፌ በፈገግታ የማስረክበው የሰው ደስታ ነበር። በዕለቱም ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እልል እላለሁ። እልልታዬ ረጅም ነው፣ ይታወቃል፤ «አልጋነሽ ትጀምር» ይሉኛል።

ዘይነባ ጎረቤታችን ነበረች፣ ግድግዳ ለግድግዳ። የወሎ ልጅ ናት፣ ሐይቅ አካባቢ። አንድ ሀብታም ቤተሰብ ዘንድ ቤት ስታጸዳ ትውላለች። ባሏ ሰዒድ ሱቅ አረቢ፣ መሀል ከተማው ገበያ፣ ጭነት ያወርዳል። ሲጋቡ እሷ አርባን ልትረግጥ ምንም አልቀራትም ነበር። ሳቂታ ናት፤ ስትስቅ ከንፈሯን በቶቧ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ድምጿን ግን ማን ይሸፍነው። ስግደቷን አንዳንዴ ታሳልፋለች፤ «አላህ ድካሜን ያያል» ትላለች። ወደድኳት። ይህንን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም የሚከተለውን ስትሰሙ ጠላቷ የነበርኩ ይመስላችኋል። ሲያመኝ ገላዬን ያጠበችኝ፣ እኔም ሲያማት ሾርባ የሠራሁላት ሰው ናት። ቅናት ከማትወጂው ሰው ላይ ብዙ አይቆይም፤ የሚከርመው ከምትወጃት ላይ ነው።

አንድ ቀን፣ ሃያ አንድ ነው፣ ዕረፍቷ ስለነበር ለቤተ ክርስቲያኑ የማደርሰውን ዘምባባ ልትሸከምልኝ አብራኝ መጣች። እኔ ቅዳሴ ገባሁ፣ እሷ በሩ አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ እየቆረጠመች ቆየችኝ። ስወጣ ፊቷ ያለው መሬት በቅርፊት ነጭ ሆኗል።

«እንዴት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ታቆሽሺያለሽ?» አልኳት።

«ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ እጠርገዋለሁ።» ከዚያ ቅርፊት ከከንፈሯ ላይ እያነሳች ወደ መቅደሱ ዞረች። «አንቺ ማርያም! እንደው ለእኔም አንድ ልጅ ብትሰጪኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ። አልጋነሽ ትሰፋዋለች። ኸላስ፣ አለቀ፣ ተነጋግረናል።»

በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። እስላሙ ለታቦት ይሳላል፣ ክርስቲያኑ ከሼኹ ዱዓ ያስደርጋል፤ እናቷም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኔን ያበሳጨኝ ስለቱ ሳይሆን ቅርፊቱ ነው። ሰው እንዴት አፉ ሞልቶ ይለምናል?

ዓመት ሳይሞላ አረገዘች። የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ አንድ ጧት የፉል ሽታ አስነስቷት ከግቢው ጥግ ስታስመልስ ሰማሁና እጄ ከመኪናው ላይ ቀረ። ያን ቀን አንድ ልብስ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁ። ወደ ማርያም ሥዕል ዞሬ «የራስሽን ልጅ በር ላይ ትተሽ ጎረቤት ገባሽ?» አልኳት፣ በድፍረት። ተስፉ ሰምቶኝ «ተይ አልጋነሽ፣ እግዜር ሲሰጥ የማን ልጅ ነህ አይልም» አለኝ። እንደሚያጽናና ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን ለሁለት ቀን ኩርፊያ በቃኝ። ዘይነባ ሴት ልጅ ወለደች። ኸድጃ አሏት። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ እኔም እልል አልኩ፣ ከሁሉ አስረዝሜ። ውሸት በእልልታ ውስጥ እንዴት በደንብ እንደሚደበቅ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

አርባዋ ሲወጣ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ይዛ መጣች። ከኦምዱርማን ገበያ መርጣ፣ ተከራክራ የገዛችው ነው፤ ከነወርቃማ ዘርፉ። «ያው እንደተነጋገርነው» አለችኝ እየሳቀች። በአራት ቀን ጨረስኩት። የሰፋሁት ሁሉ ቢደረደር ያን ጃንጥላ የሚያህል የለም፤ ስፌቱ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ያለ፣ ዘርፉ ዙሪያውን እኩል የወረደ። በእልህ የተሠራ ነገር ያምራል። ከዚያ ግን ማስረከብ አቃተኝ። ማስረከቤ ማለት ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት ቄሱ ስሟን ይጠራሉ፣ ሴቶቹም ወደ እኔ ዞረው «አልጋነሽ ትጀምር» ይላሉ ማለት ነው። ጃንጥላውን አጥፌ አልጋዬ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደረብኩ። ስትመጣ «የገዛሽው ዘርፍ አጠረኝ፣ ተጨማሪ ልኬያለሁ፣ አልመጣም» አልኳት። አመነችኝ። እሷ የማታምነው ሰው የለም።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። «ዘርፉስ?» ትለኛለች። «ቡክራ» እላታለሁ፤ ነገ ማለት ነው፣ ካርቱም ውስጥ ግን ቡክራ ነገ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የማርያም በዓል አለፈ። ዘይነባ ስትስቅ መቆም ጀመረች። ስለት አዘግይቶ የሰነበተ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ፤ ልጅቷ ባነጠሰች ቁጥር ትደነግጣለች፣ ወተት ባስመለሰች ቁጥር «ማርያም ጃንጥላዋን እየጠየቀችኝ ነው» ትላለች። ይህንን ሁሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። እሰማና ነገ እሰጣታለሁ እላለሁ፤ ነጋ ሲባል ደግሞ ልጅቷ ትስቃለች፣ ያ ጥርስ የሌለው ሳቅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይመጣብኛል፣ ልቤም ተመልሶ ይደነድናል። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም፤ መብቴ ነው ብዬ ነበር። እኔን ዘጠኝ ዓመት ያስጠበቀ አምላክ እሱን ለማመስገን የመጣን ሰው ሁለት ወር ባስጠብቅበት ምን ይጎድልበታል?

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ቀልቷል፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሊመጣ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ አንገቴን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ዘይነባ በሥራ ሰዓቷ ሮጣ መጣች፣ ላብ በላብ ሆና፣ ቶቧ ወለል ይጠርጋል።

«አልጌ፣ ጃንጥላዋን ስጪኝ።»

«ዘርፉ አልመጣም አላልኩሽም?»

«ዘርፍ ይቅር። ራቁቷንም ቢሆን ስጪኝ፣ ዛሬ ላስገባት።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

ወደ ግቢው መለስ ብላ አየች። «እንዲያው ነው» አለች።

እልልታው አምሯት ነው፣ አልኩ በልቤ። «ጎደሎ ሥራ ከእጄ አይወጣም። ቡክራ ነይ።»

«ቡክራ የለም፣ አልጌ።»

«እንግዲያ ከነገ ወዲያ።»

ቆማ አየችኝ። ሳጥኑ ሥሬ ነው፣ የቆርቆሮው ሙቀት በቀሚሴ በኩል ያቃጥለኛል፣ አልተነሳሁም። ዞራ ስትወጣ አቧራው ግቢውን ሞልቶ ነበር።

ያን ምሽት ሰዒድ ሲጮህ ሰማሁት፤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ለጨርቅ ብለሽ? ለጨርቅ?» ይላል። የእሷን መልስ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ሳይነጋገሩ ከረሙ፣ እኔም ባልና ሚስት ነው ብዬ ተውኩት። በልቤ ጥግ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ወር ያህል ቆይቶ ወሬው መጣ። ሰዎችን በበረሃ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር አንድ ደላላ ነበር። አንድ ሐሙስ ጧት ከኦምዱርማን ያስነሳው የጭነት መኪና መንገድ ስቶ ውኃ አልቆበት ቀርቷል። የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከቡሪ ብቻ ሦስት ቤት ድንኳን ተተከለ። እኔ ከለቅሶ መጥቼ ጫማዬን ሳወልቅ ዘይነባ ኸድጃን እንዳዘለች ገባችና እግሬ ላይ ወደቀች።

«እኛም ነበርንበት» አለችኝ። «እኔም፣ ሰዒድም፣ ልጄም። ያን ረቡዕ ስመጣብሽ በማግሥቱ ልንሄድ ነበር። ደላላው ለማንም አትንገሩ ስላለ ነው ያልነገርኩሽ። ሰዒድን ስለት አንገቴ ላይ እያለ በረሃ አልገባም አልኩት። ብቻህን ሂድ አልኩት፣ ያለ እናንተ አልሄድም አለና ቀረ። ይኸው አለን። ወላሂ አልጌ፣ ያንቺ ዘርፍ ነው ያተረፈን! ያቺ ማርያም ናት በእጅሽ የያዘችኝ!»

እግሬን ትስመዋለች። ክንዷን ይዤ አነሳኋት።

ስለተሳፈሩት አትጠይቁኝ። በእነ ዘይነባ ቦታ ማን እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፣ መጠየቅም አልችልም። እነሱም ጸልየው ነበር፣ እናቶቻቸውም ተስለው ነበር። እግዚአብሔር እኛን መርጦ እነሱን ተወ የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም፤ ሌላ ሰው ሲለው ስሰማም ተነስቼ እወጣለሁ። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው።

ዘርፍ አተረፋቸው የሚለው ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ሻይ ሻጯ ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ። የማላውቃቸው ሴቶች ሃፍላ ውስጥ «ጃንጥላ ሰፊዋ ናት» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ለወሩ ሃያ አንድ ጃንጥላውን ከሳጥን አወጣሁ፣ «ዘርፉ ትናንት ደረሰ» ብዬ ዋሸሁና አብረን ሄድን። ዘይነባ ያለ የሌለ ቶቧን ለብሳ ኒሙ ሥር ቆመች፣ ኸድጃ ትከሻዋ ላይ። ቄሱ ጃንጥላውን ዘርግተው ለሕዝቡ ታሪኩን ተናገሩ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው፣ ሰዉ አለቀሰ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩና «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ሲያዘገይ ረስቶ አይደለም። የዚህችን እህታችንን እጅ ያዘገየው እሱ ነው» አሉ። እልልታው ፈነዳ። ለእኔ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ስል የኖርኩት እልልታ፣ አንድ ቀን ለእኔ ይባል ይሆን እያልኩ የተቃጠልኩበት እልልታ፣ በመጨረሻ መጣልኝ፤ የመጣልኝም ለክፋቴ ነበር። ጆሮዬን ይዤ ከሰዉ መሀል ወጣሁና ከመቅደሱ ጀርባ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ።

ዘይነባ ተከትላኝ መጣች። ከደስታ የማለቅስ መስሏት በቶቧ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ።

«ዘይነባ፣ ጃንጥላሽ ተሰፍቶ ካለቀ ሦስት ወር ሊሞላው ነው» አልኳት።

«እ?»

«ዘርፉ አላነሰም። የጎደለ ነገር አልነበረም። ያን ረቡዕ ስትመጪ ተቀምጬበት ነበር።»

የጠረገችኝ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

ዝቅ ብላ ራሷን አየች፣ የላስቲክ ጫማዋን፣ በሳሙና የተበላ ጣቷን። «በእኔ? የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ በምውለው?»

«በኸድጃ።»

ከዚያ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን ቀስ ብላ ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው፣ ከእኔ ራቅ ወዳለው አዛወረቻት። እንደዚያ ያለ ጥፊ በዕድሜዬ አልቀመስኩም። «በማርያም ነበር የማምንሽ» አለችና ሄደች። ሃፍላ ውስጥ ለየብቻ ተቀመጥን፣ አንድ ግቢም ገባን።

ለተስፉ ነገርኩት። ከዘይት ጋር እየታገለ እጁን ሲታጠብ ነበር። «ለእሷ ነገርሻት?» አለኝ። «ነገርኳት።» «በይ እንግዲህ ጠብቂ።» ጠበቅሁ። አርባ ቀን ያህል፣ ምናልባትም በላይ፣ ከውኃው ገንቦ ላይ እንገናኛለን፣ ጣሳዋን ትሞላለች፣ ትሄዳለች። ቅዳሴ ገብቼ ልጅ ስጠኝ ልል ስጀምር አፌ ይያያዛል። በእነዚያ ቀናት ነው አንድ ነገር የገባኝ። እኔ ተሰፍቶ ያለቀን ነገር የያዝኩት በክፋት ነበር። ስለዚህ እሱም ሲይዝብኝ በክፋት፣ ወይ በመርሳት፣ ወይ ሌላውን በመውደድ መስሎኝ ኖርኩ። አምላክን በራሴ ልክ ስሰፋው ነበር። የእኔን ዓይነት ልብ የለውም ብዬ አስቤ አላውቅም። ለምን እንደሚይዝ ዛሬም አላውቅም፣ ግን እንደ እኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የያዝኩት ነገር እንኳ፣ በዚያ በከፋ እጄ ሆኖ፣ አንዲት ልጅ ከበረሃ አስቀርቷል። እኔ ይህንን አላሰብኩም፣ ይህንን አልፈለግሁም። ያሰበው ሌላ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ዘይነባ ናት፣ በአንድ እጇ ኸድጃን፣ በሌላው አንድ ሳህን የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ ይዛ፣ እነሱ ሊጌማት የሚሉትን። ሳትጠየቅ ገባችና ከስፌት መኪናው ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አሰብኩበት» አለች። «አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ራሴን አመመኝ። አላህ ሥራ ፈት አይወድም፣ አልጌ። ያንቺን ምቀኝነት እንኳ ሥራ አስገባው።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። «ይቅር አልሽኝ?»

«እሱን ገና አላልኩም። ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

በላን። ስኳሩ ጣታችን ላይ ተጣበቀ፤ እሷ ቀድማ መላስ ጀመረች።

«አሁንም ትለምኛለሽ?» አለችኝ።

«እለምናለሁ።»

«ካልሰጠሽስ?»

ጥሩ መልስ ፈለግሁ፣ እንደ ቄሱ ያለ መልስ። አጣሁ። «እቆጣለሁ» አልኳት።

«ተቆጪ። ፊት ለፊት ተቆጪው፣ ይችለዋል። ብቻ ሳጥን ላይ አትቀመጪ።» ይህን ብላ ኸድጃን ጭኔ ላይ አኖረቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ አቅፌያት አላውቅም ነበር፤ ከበደችኝ፣ ሞቀችኝ፣ ወዲያው ደረቴን በምራቅ አበሰበሰችው።

አልሰጠኝም። ዓመታቱ አለፉ፣ ሁላችንም አገራችን ገባን፣ ዕድሜዬም አለፈ፣ ተስፉም አለፈ። ብዙ ጊዜ አምላኬን ተቆጥቼዋለሁ፣ ፊት ለፊት፣ በስሙ እየጠራሁ። አንድም ቀን ትቶኝ አልሄደም፤ እኔም ደጁን አልለቀቅሁም።